እርማት፦ የግሽ ዓባይን ቦታ የለካው ኮምፓስ አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ ስኮትላንዳዊው ተጓዥና ስለ ዓባይ መነሻ ምንጭ፣ «ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የግሽ ዓባይን ትክክለኛ ቦታ በኮምፓስ ለካ» ብለህ የጻፍከው ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስሕተት ነው። ኮምፓስ አቅጣጫ እንጂ ቦታ አይናገርም፤ ሰከላም ቁም ደብረ ማርቆስ፣ መርፌው ያው ወደ ሰሜን ነው። ያውም ወደ መግነጢሳዊው ሰሜን!

ብሩስ ኬክሮሱን፣ ማለትም ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ያገኘው በኳድራንት ነው። ይህ ጠርዙ በዲግሪ የተከፋፈለ፣ የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው ከባድ መሣሪያ ሲሆን ፀሐይና ከዋክብት ምን ያህል ከፍ እንዳሉ ይለካበታል። ያገኘው ውጤት፣ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፣ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው። ኬንትሮሱን፣ ማለትም የምሥራቅና ምዕራብ ልኩን፣ ደግሞ የጁፒተር ጨረቃ በፕላኔቷ ጥላ የምትሰወርበትን ቅጽበት በቴሌስኮፕ ጠብቆ አሰላ።