ፕሌትሌት ለጀርባ ሕመም ምን ይናገራል?

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚሠሩ ሁለት የጤና ባለሙያዎች ተከራከሩ። ጥያቄው፦ አከርካሪን በሚያጠቃ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሕመም፣ ፕሌትሌት የተባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ቁጥር ሐኪሙን ሊመራ ይገባል?

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦ ፕሌትሌት ደም ከማርጋት ሌላ ሥራ የላትም የሚባለው አልፎበታል። ይህች ኒውክለስ የሌላት ትንሽ ሕዋስ ስትነቃ ፒ-ሴሌክቲን የተባለ ፕሮቲን ወደ ላይዋ ታወጣለች። በእሱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይዛ ወደተቆጣው ቦታ እንዲገቡ ታግዛለች። ሕብረ ሕዋስን የሚያሳድጉት ፒዲጂኤፍና ቲጂኤፍ-ቤታም ከእሷ ይወጣሉ። በዚህ በሽታ ደግሞ አከርካሪው ላይ አዲስ አጥንት ይበቅላል። እንዲሁ ግጥምጥሞሽ ነው ብዬ ማለፍ ይከብደኛል። ደግሞስ የደም ሕዋሳትን የሚቆጥረው ሲቢሲ ምርመራ እዚሁ ሰፈር ይሠራል። አከርካሪውን በምስል የሚያሳየው ኤምአርአይ ግን መሀል ከተማ ድረስ ያስኬዳል፤ ዋጋውም አይቀመስም።

ሐኪሟ፦ ወንድሜ፣ መሳተፏን አልክድም። ቁጥሯን የሚያበዛው ግን ራሱ ብግነቱ ነው። ኢንተርሉኪን-6 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ጉበትን ይቀሰቅሳል፤ ጉበት ትሮምቦፖይቲን የተባለውን ፕሌትሌት አብዢ ሆርሞን ያመርታል፤ መቅኔው ፕሌትሌት ያበዛል። የብረት እጥረትም ያበዛታል፤ ኢንፌክሽንም እንዲሁ። አንድ ወያላ የሲቢሲ ወረቀቱን አጣጥፎ መጣ። ፕሌትሌቱ በማይክሮሊትር ደም 280 ሺህ፤ ደህና የሚባለው ከ150 እስከ 450 ሺህ ነው። «ደምህ ንጹህ ነው» ተብሎ ተሸኝቷል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግን ጀርባው ይቀሰቅሰዋል፤ ተነስቶ ግቢ ውስጥ ሲመላለስ ይለቀዋል። እኔን የመራኝ ይህ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦ ዶክተር፣ ልጁን የበደለው አነባበቡ ነው። በአንድ ወረቀት ፍረዱ አላልኩም፤ የዛሬውን ከበፊቱ ጋር አስተያዩ ነው የምለው። ብግነትን የሚጠቁመው የደም ምርመራ ሲአርፒስ ቢሆን በብዙ ታማሚዎች ደህና ሆኖ ይወጣ የለም?

ሐኪሟ፦ ይወጣል። ሲአርፒ ግን የበሽታውን ክብደት በምንለካበት ቀመር ውስጥ ገብቷል፤ ፕሌትሌት አልገባም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ቲቢ ነው። የአከርካሪ ቲቢም ጀርባ ያሳምማል፤ ፕሌትሌትም ሊያበዛ ይችላል። ቲቢ ላለበት ሰው፣ ለብግነቱ ብለን ቲኤንኤፍን (ብግነት አነሳሽ ፕሮቲን) የሚያፍን መድኃኒት ብንሰጥ ጉድ ነው። ተኝቶ የቆየ ቲቢ እንኳ በዚህ መድኃኒት ይቀሰቀሳል።

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦ ስለ ቲቢው እስማማለሁ። ቢሆንም ቁጥሩ ከፍ ሲልብኝ ለእርስዎ መደወሌን አልተውም።

ሐኪሟ፦ ደውል እንጂ! መጀመሪያ ግን ሰውየውን ጠይቅልኝ። ሕመሙ ከ45 ዓመቱ በፊት ነው የጀመረው? 3 ወር አልፎታል? ጠዋት ተሳስሮ ይነሳል? ሲንቀሳቀስ ይሻለዋል? ለቲቢው ደግሞ፦ ሌሊት ያልበዋል? ከስቷል? ይህን ይዘህ ደውል።