ሁለት ዛፍ የወጣው ሠዓሊ

ባለፈው እሑድ በአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና እየጠጣን የተነሣው ክርክር የሠዓሊውንና የተወዛዋዡን የጂኦፍሪ ሆልደርን ሕይወት የተመለከተ ነበር። ነገሩን የጀመሩት በዕድሜ የሚበልጡን የሥዕል መምህር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን ተወልዶ በ2014 በኒው ዮርክ ያረፈው ይህ ሰው ታላቅ ሠዓሊ መሆን ሲችል መድረክ ነጠቀን ሲሉ በቁጭት ተናገሩ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የጉገንሃይም ፋውንዴሽን በሠዓሊነቱ ድጋፍ የሰጠው ሰው፣ ዛሬ ስሙ ሲነሣ የሚታወሰው በ1973 በወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም ባሮን ሳመዲ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲስቅ ነው።»

ቲያትር ቤት ለዓመታት የሠራች ወዳጃችን ይህን ዝም ብላ ማለፍ አልሆነላትም። «ጋሼ፣ እሱኮ ሁለቱን ለያይቶ አላወቃቸውም» አለች። ታላቅ ወንድሙ ቦስኮ ራሱም ሠዓሊና ተወዛዋዥ እንደነበረ፣ ሥዕሉንም ውዝዋዜውንም ለታናሹ ያስተማረው እርሱ እንደሆነ፣ ቦስኮ ወደ ለንደን ሲሄድም የውዝዋዜ ቡድኑን የተረከበው ጂኦፍሪ መሆኑን አስረዳች። «አሜሪካዊቷ የውዝዋዜ አቀናባሪ አግነስ ዴ ሚል በ1952 ቡድኑን አይታ ኒው ዮርክ መጥቶ እንዲፈተን ስትጋብዘው፣ ለመንገዱ ወጪ ሃያ ሥዕሎቹን ሸጠ። ውዝዋዜውን ባሕር ያሻገረው ሥዕሉ ከሆነ፣ የትኛው የትኛውን ነጠቀ ይባላል?»

«ይህማ የእኔን ነገር ያጠናክራል፤ ሥዕሉ የሌላ ሙያ ስንቅ ሆኖ ቀረ» ሲሉ መለሱላት። በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ዋና ተወዛዋዥ፣ በብሮድዌይ ቲያትሮች ተዋናይ፣ ኋላም አዘጋጅ ሆኖ ያሳለፈውን ጊዜ ቆጠሩና፣ ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ የዋለ ሰው ማታ ሸራ ፊት ሲቆም ምን ጉልበት ይቀረዋል ብለው ጠየቁ።

እርሷም በ1975 «ዘ ዊዝ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቲያትር በማዘጋጀቱና አልባሳቱን በመንደፉ ቶኒ የተባለውን የብሮድዌይ ቲያትር ሽልማት ሁለት ማግኘቱን ካነሣች በኋላ፣ በዚያ ቲያትር ባለታሪኳን ልጅ ከቤቷ ነጥቆ የሚወስዳት ዐውሎ ነፋስ እንዴት እንደቀረበ ነገረችን። አንዲት ተወዛዋዥ ጥቁር ለብሳ፣ ከራሷ ላይ የሚወርድ እጅግ ረጅም ጥቁር ጨርቅ እየጎተተች ትሽከረከራለች፤ እርሷ በዞረች ቁጥር ጨርቁ እየተዘረጋ መድረኩን ያለብሰዋል። ይህን ስትናገር የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ጫፉን ይዛ በክፍሉ መካከል አንድ ጊዜ ዞረች። ነጠላው ረክቦቱን ሊነካ ለጥቂት ሲተርፍ መምህሩ ስኒያቸውን በእጃቸው ጋረዱ፤ ዓይናቸው ግን ከጨርቁ ላይ አልተነሣም።

በእኔ ዕይታ እውነቱ ወደ እርሷ ያደላል። የውዝዋዜው ቅንብር የጆርጅ ፌሰን ቢሆንም፣ አንድን ሰፊ ባዶ ቦታ በአንድ ጥቁር መስመር መሙላት የሠዓሊ አስተሳሰብ ነው፤ ሆልደር ያንን ዓይን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ እንጂ ቤቱ ጥሎት አልሄደም። ሸራውንም ቢሆን እስከ እርጅናው ድረስ አልተወውም። ሆኖም የመምህሩን ቁጭት ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ሃያዎቹን ሥዕሎች የገዙ ሰዎች ግድግዳቸው ላይ ሊሰቅሏቸው ይችሉ ነበር፤ ያ ጥቁር ጨርቅ ግን ትርኢቱ ባበቃ ቁጥር ተጠቅልሎ ከመድረክ ይወጣ ነበር፣ እኛም ያየነው በአንዲት ሴት ነጠላ ብቻ ነው።