ያቺን ልጅ ምን አደረግናት?

የባሕር ዳር ሰዎች፣ የዛሬው ጽሑፌ ለእናንተ ነው። ቅር የሚለው ቅር ይበለው። ዝም ብዬ ላልፈው ብል አልዋጥ አለኝ።

ነገሩ ለታመመች ሕፃን ብሎ በኢንተርኔት ገንዘባችንን ስለሰበሰበው ስለዚያ «ዶክተር»ና እሱን ስለተጠራጠረችው ልጅ ነው። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥሎ የሚስቅ ሰውዬ ፎቶ። አሜሪካ የልብ ሐኪም ነኝ ይል ነበር። የሽምብጥ ልጅ ነኝ፣ ጣና ውስጥ ስዋኝ ነው ያደግሁት ይል ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ የእሱ ስም ስላልሆነ ብጽፈውም አይጠቅማችሁም። ደግሞም ተጠርጣሪ እንጂ ሌላ ልለው አልችልም፣ ተይዞ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ፎቶው የእሱ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ። ያሳየን የሆስፒታል ደብዳቤ ሐሰተኛ መሆኑንም አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። ያኔም ተነግሯችሁ ነበር።

ብዙዎቻችሁ መርሳት ስለጀመራችሁ ከመጀመሪያው ላስታውሳችሁ።

በ2015 ክረምት የተቋረጠብን የሞባይል ዳታ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲመለስ ከተማው እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሰው ሁሉ ሰው ናፍቆት ነበር። ውጭ ያለ ወንድሙን የሚፈልገው፣ ድምፁ ከጠፋ ጓደኛው ጋር የሚገናኘው ብዙ ነበር። ሰውየው ብቅ ያለው በዚያ ሰሞን ነው። «አገሬ ናፈቀኝ» ብሎ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ለጠፈ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙትን ዘንባባዎች ለጠፈ። በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ለጥፎ «መቼ ይሆን በላዩ የምራመደው» አለ። ማንም ሰው ከየትም የሚያገኛቸው ፎቶዎች ናቸው። እኛ ግን ዓይናችን እንባ አቀረረ።

አስተያየት ለጻፈ ሁሉ ይመልሳል። «እማማ ደኅና ናቸው?» ይላል። የማንን እናት እንደሚጠይቅ እሱም አያውቅም፤ እናት የሌለው ሰው ስለሌለ ግን ሁሉም «ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይለዋል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? ይህ ተረት ከእኛ ይበልጥ የገባው እሱ ነው። የአገር ልጅ መስሎ መጣ፣ እኛም የአገር ልጅ ነው ብለን ተቀበልነው። በቪዲዮ ግን አንድም ቀን አልታየም። ሁልጊዜ ወይ ተረኛ ነው፣ ወይ ካሜራው ተበላሽቷል።

መስከረም ላይ የታመመች ሕፃን ፎቶ አመጣ። አልጋ ላይ የተኛች፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን የተደረገላት ሕፃን። ልቧን ታማለች፣ ቤተሰቦቿ ዓባይ ማዶ ነው የሚኖሩት፣ አባቷ የቀን ሠራተኛ ነው አለ።

የልብ ሕመም መምረጡ ብቻውን እንዴት አድርጎ እንዳጠናን ያሳያል። በአገራችን በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም እያደር የስንቱን ልጅ ልብ እንደሚጎዳ የምናውቀው ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ሕፃናትን በነጻ ያክማል፤ ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ ወረፋው ሳይደርሳቸው የሚያርፉም አሉ። ሰውየው ይህንን ያውቃል። «ወረፋው እስኪደርሳት አትቆይልንም። እኔ ወደምሠራበት ላምጣት፣ ቀዶ ሕክምናውን በነጻ እሠራላታለሁ። የጎደለው የጉዞው ብቻ ነው» አለ። ማን እምቢ ይላል? እምቢ ባለማለታችሁ አልቆጣችሁም። ሩኅሩኅ መሆናችሁን አልነቅፍም።

የምቆጣው ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

የሪፈር ደብዳቤ ለጠፈ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የወጪ ቁጥር አለው። ቀኑ እንዲህ ይላል፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም.።

እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። በ2015 ስድስት ነበረች፤ በ2016 አምስት ነች፣ በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነው። በሌለ ቀን ደብዳቤ የጻፈ ሆስፒታል የለም። ይህን ደብዳቤ ስንት ሰው ተቀባበለው! ቄሱ አጋሩት፣ መምህሩ አጋራው፣ በየዓመቱ ወንጌላዊውን ቆጥረው ጾም የሚገቡ ሰዎች አጋሩት። አንድም ሰው ቀኑን አላነበበም።

ያነበበችው አንዲት ልጅ ናት። ሆስፒታል አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ትተይባለች፣ የሕክምና ወረቀት ኮፒ ታደርጋለች፣ ከገጠር መጥቶ ሳንቲም ያጠረውን አስታማሚ «ይሁን፣ ሂዱ» ትላለች። አባቷ መሪጌታ ናቸው፣ ባሕረ ሐሳብ ስትሰማ ነው ያደገችው። አንድ ደንበኛ ያንን ደብዳቤ ከስልኩ እንድታትምለት ሰጣት፤ ለዕድር ሊያሳየው። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ቀኑ ላይ ዓይኗ አረፈ።

ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? አልጮኸችም። መጀመሪያ ለራሱ ነው የጻፈችለት። «ወንድሜ፣ ደብዳቤው ላይ የቀን ስሕተት ያለ ይመስለኛል፣ ሰው እንዳይጠራጠርህ አስተካክለው» አለችው። ብሎክ አደረጋት። ያኔ ነው ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ የፈለገችው። የፎቶው ባለቤት ሌላ አገር ያለ፣ ሌላ ስም ያለው የጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። ገንዘብ የሚላክበት የባንክ ሒሳብ ላይ የሚወጣው ስም ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። «የአጎቴ ልጅ ነው፣ እኔ ውጭ ስላለሁ እዚያ ሒሳብ መክፈት አልችልም» ሲል ነበር። ውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ እዚህ ሒሳብ መክፈት እንደሚችል የትኛውም ባንክ ይነግራችሁ ነበር፣ ብትጠይቁ።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ለጠፈች። ስድብ የለበትም። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ከመላካችሁ በፊት ግን አንድ ሰው ሄዶ የሕፃኗን ቤተሰብ በአካል ይያቸው።»

በቃ፣ የጠየቀችው ይህችን ብቻ ነው። ዓባይ ማዶ! በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ። ይህን ሁሉ ብር ከላክነው መካከል የባጃጅ ከፍሎ ድልድዩን ተሻግሮ «የታመመችው ሕፃን ቤት የት ነው?» ያለ አንድ ሰው ጠፋ።

እሷን ለመስደብ ግን ሰው አልጠፋም። «ቅናተኛ» አላችኋት። «ባንዳ» አላችኋት። «ሕፃኗ ብትሞት ደሟ በእጅሽ ነው» አላችኋት። የሱቋን ፎቶ አንሥቶ «ይችው ናት» ብሎ የለጠፈው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ሌሊት በሯ ላይ ጽሑፍ ተለጠፈባት። አባቷን በሰንበቴ ላይ፣ ጸበል ጸዲቅ በቀመሱበት፣ «መሪጌታ፣ ልጅዎን ይምከሩ እንጂ» ያሏቸው ጨዋ የምንላቸው ሰዎች ናቸው። አከራዩ ነገር አልፈልግም ብሎ ቤቱን አስለቀቃት። ሰውየው በበኩሉ በድምፅ ቀርቦ አለቀሰ፣ «ይቅር በሏት፣ ልጅ ናት» አለ። በዚያ ሳምንት የላኩበትን ደረሰኝ መለጠፍ ፉክክር ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ከስድቡ በላይ ያመኛል። በውስጥ መስመር «ልክ ነሽ፣ በርቺ» ያሏት ብዙ ነበሩ፣ ራሷ አሳይታኛለች። የባንክ ሠራተኛ አለበት፣ ነርስ አለበት፣ ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑን ገና ሲያየው ያወቀ ሐኪም አለበት። በአደባባይ አንዲት ቃል የጻፈ ግን የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። እስኪጠራ ድረስ እውነቱን የተናገረችውን ልጅ ማን ያቆያት?

ጥምቀት ሳይደርስ ሰውየው ጠፋ። ገጹ የለም፣ ቁጥሩ አይሠራም። ልጅቷም ሄደች፣ ደብረ ታቦር አክስቷ ጋ ናት።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ጣና ዳር ዓሣ ይሸጣሉ። አምባዛውን ሲገፉት እጃቸው እንዴት እንደሚፈጥን ያየ ያውቃቸዋል። ማንበብ አይችሉም፤ የሕፃኗን ፎቶ ያሳያቸው የልጅ ልጃቸው ነው። 500 ብር ላኩ፣ ሰነባብተው ደግሞ ጨመሩ። ሰውየው የሕፃኗን የክርስትና ስም ነግሮን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፣ ወለተ ኪዳን። በጸሎት አስቡልኝ ብሎ። እኚህ እናት ያንን ስም ይዘው በየኪዳነ ምሕረቱ ጧፍ ያበሩ ነበር። ስእለት ተስለው ነበር። ሁሉ ነገር ከወጣ በኋላ «ገንዘብዎ ያሳዝናል» ብላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ብሩስ ይቅር። እኔ ለማን ነበር የጸለይኩት?»

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ካላችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው።

ያኔ ልጅቷን የሰደባችሁት እኮ አሁንም አልተማራችሁም። ሰሞኑን ፎቶው የተሰረቀበትን የጥርስ ሐኪም ገጽ አግኝታችሁ በአማርኛ ስትረግሙት አየሁ። ሰውየው ምን አደረጋችሁ? ባሕር ዳር የት እንደሆነች እንኳ ላያውቅ ይችላል። ማንነቱን ተሰርቆ እሱም ተበድሏል። ማጣራት እንዲህ ያስጠላናል?

የተረፈው ጦስ ደግሞ በማን ላይ እንዳረፈ እዩ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ አባት የእውነት የታመመ ልጁን ታቅፎ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ቆሞ ነበር። ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ፣ ደረጃ መውጣት የማይችል። «እነዚህን እናውቃቸዋለን» ብሎ አንዱ አለፈ፣ ተከትሎት ሌላው አለፈ። ወረቀቱን ተቀብሎ ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። ሳናነብ ሰጠን፣ አሁን ደግሞ ሳናነብ ከለከልን። ያ አባት ስልክ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ሆስፒታሉን ይጠራል፣ «ኑና ጠይቁ» ይላል። «ኑና ጠይቁ» የሚል ሰውና ስትጠይቁት ብሎክ የሚያደርግ ሰው አንድ ናቸው?

ከእንግዲህ ገንዘብ ስትጠየቁ ጠይቁ። ስሙ ከሒሳቡ ጋር ይገጥማል ወይ በሉ። ቤተሰቡን ያየ ማነው በሉ። እውነተኛ ሰው ይህ አያስከፋውም። የጠየቀውንም ሰው ጨካኝ አትበሉት። የራሳችሁን ሒሳብ ወይም በስማችሁ የወጣ ሲም ካርድ ለማታውቁት ሰው «ላንድ ቀን» ብላችሁ የምታውሱ ወጣቶችም ብትሆኑ፣ የእኚያን እናት ብር የተቀበለው እንደ እናንተ ያለ ሰው ሒሳብ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

«ምን ሕግ አለ» የምትሉም አላችሁ። አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ማታለልንና የሌላ ሰው ማንነት መስረቅን ወንጀል አድርጓል። የጠፋው ከሳሽ ነው። አንድ የማከብረው ሰው ብዙ ብር ልኮ «ተሞኘ እባላለሁ» ብሎ ደረሰኙን ደብቆ ተቀምጧል። ይሉኝታው ለማን ነው የሚጠቅመው? ያ «ዶክተር» ይህን ጊዜ ሌላ ከተማ ሌላ ፎቶ ለጥፎ የሰው እናት ደኅንነት እየጠየቀ ይሆናል።

ዓሣ ሻጯ እናት ግን አላፈሩም። ደረሰኛቸውን አሳትመው፣ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ከእሳቸው በኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች እንደሄዱ ሰምቻለሁ። ብሩ ይመለሳል ብዬ አልዋሻችሁም። የሒሳቡን ባለቤት ለማግኘት ግን አንድ ደረሰኝ ሳይሆን ብዙ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ደረሰኝ ያላችሁ ሂዱ።

ልጅቷ ላይ የጻፋችሁትም አሁንም እንዳለ ነው፣ ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። ዝም ብላችሁ እንዳታጠፉት። ከሥሩ በራሳችሁ ስም ይቅርታ ጻፉበት፣ በውስጥ መስመር ሳይሆን እዚያው በሰደባችሁበት ቦታ። አባቷም እዚሁ ናቸው፣ በሰንበቴው የተናገራችኋቸው ሰዎች በሰንበቴው ይቅርታ ጠይቋቸው። ትመለስ እንደሆነ ጠይቄያት «እንጃ» ነው ያለችኝ። እንጃ ማለቷንም እኔ እንደ ተስፋ ይዤዋለሁ። ሱቁ ገና አልተከራየም፤ አከራዩን አነጋግሬዋለሁ፣ ሰዎች መጥተው ቢጠይቁኝ እመልስላታለሁ ብሏል።