በሰው ድንጋጤ ለሳቃችሁ

የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቪዲዮውን አይታችሁ ለሳቃችሁ፣ ለጓደኛ ለላካችሁ፣ ዝም ብላችሁ ላለፋችሁም።

የደመራ ዕለት ማታ ነው። ጎረቤታችሁ እንደ ልማዱ አረቄ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ መለኪያው በእጁ ነው። አጠገቡ የጎረቤት ልጅ ቆማ እሳቱን ታያለች፤ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት ጎረምሶች ከኋላው መጡ። አንዱ ስልኩን ደገነ፣ ሌላው ርችት ለኩሶ በርጩማው ሥር ጣለ። ሲፈነዳ ሰውየው "ተኙ! ተኙ!" ብሎ ጮኸ። ልጅቷን መሬት ላይ ጣላትና በላይዋ ተደፋ፤ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ሸፈነ። መለኪያው መዳፉን ቆርጦት ስለነበር ደሙ ነጭ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እናትየው ሮጣ መጥታ በጥፊ አለችው። ሰዉ ሳቀ። በማግስቱ ሙዚቃ ተጨምሮበት ቲክቶክ ላይ ወጣ።

እናትየው ደንግጣ ነው። ለሳቃችሁት ግን ይቅርታ የለኝም።

ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ጦር ሜዳ ነበር፤ በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ አልነግራችሁም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ እሱ ግን ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። ጎረቤቶቹ ናችሁና ሰምታችኋል። አረቄ የጀመረው ለመተኛት ነው። አረቄ መጀመሪያ ያስተኛል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ እንቅልፉን ይበጠብጠዋል፣ ቅዠቱም ይመለሳል። ስለዚህ ይጨምራል። ሱስ ውስጥ የገባው እንዲህ ነው፤ ጥጋብ አይደለም።

"ለምን አያቆምም?" ትላላችሁ። አንዴ ዘመዶቹ ቤት ዘግተውበት አቁሟል። በሁለተኛው ቀን ተንቀጠቀጠ፣ ወድቆ አረፋ ደፈቀ። ጋኔን ነው ተባለ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ሐኪም እያየው ነው የሚቆመው። ጠበል ውሰዱት፣ ማን ከለከላችሁ? ሐኪም ቤትም ውሰዱት። ግን እንዴት ብሎ ይሂድ? "አማኑኤል ግባ" የሚለውን ስድብ ያደረግነው እኛው ነን።

የእኛ የምክር ባለሙያዎቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። አንዱ ቢሮ "መጀመሪያ መጠጡን አቁም፣ ከዚያ ስለ ጦርነቱ እናወራለን" አለው። ሌላው "የሱስ ጉዳይ እኛን አይመለከትም" ብሎ መለሰው። የሚጠጣው ስለሚያመው ነው፤ ሕመሙን ሳይነኩ መጠጡን ብቻ ቢነጥቁት በምን ይተኛል? ሁለቱን አብሮ ማከም እንደሚቻል በሙያው ከታወቀ ቆይቷል። መጀመሪያ ያየውን ሁሉ ተርክ ብሎ መጎትጎት አያስፈልግም። የዛሬዋን ሌሊት በሰላም እንዲያድር መርዳት ይቀድማል። ሲደነግጥ እግሩ መሬት መርገጡን ልብ እንዲል፣ ዙሪያው ያለውን በርጩማ፣ በር፣ ግድግዳ እያለ በስሙ እየጠራ እንዲረጋጋ ማስለመድ። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የማይቸኩል ሰው ይጠይቃል።

እሱ ብቻም አይደለም። ከአረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ፣ ጫትና መጠጥ ውስጥ የተደበቁ እህቶች በየሰፈሩ አሉ።

ቪዲዮውን አጥፉት። ሠርግ ሲኖር ርችት ከመተኮሳችሁ በፊት ሄዳችሁ ንገሩት። አሁን ሁለቱንም አብሮ የሚያይለት ሐኪም አግኝቷል፤ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፤ ብቻውን መሄድ ይፈራል። እኔም ብዙ ጊዜ ተናግሬ ደክሞኛል፤ ሁላችሁም ትመጣላችሁ ብዬ አልጠብቅም። ሁለት ሰው ከመጣ ይበቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ተራው ጋ እንጠብቃችኋለን።