ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማር

ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ሚካኤል ጸጋዬ የተጻፈውን ሳነብ ሆዴ ባባ። ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ነው ወደ ካሜራ የዞረው። እንኳን ዞረ! እኛ አዲሱን ሕንፃ ስናይ እሱ የሚፈርሰውን የአዲስ አበባ ሰፈር ያነሳ ነበር።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ነው። በ2016 ሲፈርስ ሄጄ አየሁ። ከጎረቤታችን ሳሎን የቆመው ግማሽ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሰማያዊ ቀለሙ፣ የቀን መቁጠሪያ የሚሰቀልበት ሚስማር ሳይቀር ይታያል። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ፎቶ እንኳ አላነሳሁም። እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲስ መንገድ አልጠላም። ግን ቡና የምንጠራራበት በር የቱ ጋ እንደነበር ዛሬ ማሳየት አልችልም። እነዚህ የሚካኤል ፎቶዎች ጋለሪ ውስጥ ብቻ አይቅሩ። የተነሱበት ቦታ፣ አጥሩ ላይ በትልቁ ይሰቀሉ፤ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ይያቸው።