ስልክ አታስደውሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ሹማምንቱ አልናገርም። እነርሱን በየቡናው ስንወቅሳቸው ነው የምንውለው። የምገሥጸው እኛን ነው፤ መስኮት ፊት የምንሰለፈውን ባለጉዳዮች።

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ፖለቲካ ሆነ እንላለን። እውነት ነው። የደርግ ዘመኑ ፓርቲ ኢሠፓ በ1977 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ለባለሙያ ከትምህርቱ ይልቅ የፓርቲ ደብተሩ ይጠቅመው ነበር። ኢሕአዴግ ሲመጣ ግምገማው መጣ፣ ሰውን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው አንድ ለአምስቱ ተከተለ። ሠራተኛው ስብሰባ ሲቀመጥ ባለጉዳይ በተዘጋ በር ላይ ቆሞ ዋለ። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ከመካከላቸው አንዱ ስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነበሩ። የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። እርሳቸው ከሥራ ሲወጡ የቀረበት ተማሪውና በሽተኛው ነው።

ይህን ሁሉ እናውቃለን። ግን ጫናው ሁልጊዜ ከላይ በራሱ ፈቃድ አይወርድም። ብዙ ጊዜ የምንጠራው እኛ ነን።

በአንድ ክፍለ ከተማ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰውዬ የካርታ ጉዳይ ይዞ መጣ። ወጣቱ ባለሙያ ፋይሉን ገለባበጠና «አንድ ሰነድ ይጎድላል፣ አሟልተው ይምጡ» አለው። በትሕትና ነው ያለው። ሰውዬው አልተከራከረም። ኮሪደር ላይ ወጥቶ ስልኩን አወጣ። ብዙም ሳይቆይ የልጁ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ልጁ አንሥቶ ሰማና ከወንበሩ ብድግ አለ። የሚያናግረው ሰው እንኳ አያየውም። «እሺ ጌታዬ… በጽሑፍ ቢሆንልኝ… እሺ። እሺ ጌታዬ።» ስልኩን ዘጋ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። ፋይሉን ሲመልስ ቀና ብሎ አላየም። ከሰልፉ መሐል አንዱ «ሰው ያለው ሰው!» አለ። በአድናቆት ነው ያለው።

ያ ልጅ የገባበትን ጣጣ አስቡት። ስልኩ ማስረጃ አይተውም፤ ፊርማው ይተዋል። ነገ ኦዲተር ሲመጣ ደዋዩ ወይ ተዛውሯል፣ ወይ «እኔ መቼ አልኩ?» ይላል። የሚጠየቀው ልጁ ነው። እምቢ ቢልስ? በሕግ አይቀጡትም፣ ሕጉ ከእሱ ጋር ነዋ። የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን ይቀንሱበታል። ዕድገት ያስቀሩበታል። አዲስ መዋቅር መጣ ተብሎ ድልድል ሲሠራ ራቅ ያለ ቦታ ይመድቡታል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተሻሻለ በተባለው ደመወዝ የዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው እንግዲህ የእኛን አቋራጭ በፊርማው እንዲሸከም የምንፈልገው።

እንዲህ የሚኖር ሠራተኛ ወይ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ «ምን አገባኝ» ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። «በስልክ ሲያዙኝ በነጻ የምፈርመውን ለምን አልሸጠውም?» ብሎ የሚያስብበት ቀን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ስልክ የሌለው ድሃ በጉቦ ይገባል፤ ጉቦም የሌለው ደጅ ሲጠና ይከርማል። ይህን በር የከፈትነው እኛ ነን።

ልጆቻችንን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን እናሳድጋለን። ልጁ ሲቀጠር ደግሞ ንጹሕ እንዲሆን እንጠብቃለን። በሕጉ ቀጥ ያለውን ሠራተኛ ግትር እንለዋለን። እሱ አልበቃ ብሎን ስሙን አይተን ብሔሩን እንገምታለን፤ «የእነ እንትና ሰው ስለሆነ ነው» እንላለን። ሰነዱ እንደጎደለ እያወቅን! ነውር ነው። ሰውን በሠራው እንጂ በስሙ አትመዝኑት።

አሁን ምን እናድርግ? ሰነድ ጎደለ ከተባላችሁ አሟሉ። ያለ አግባብ ተከለከልኩ ካላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ወደ ቅሬታ ሰሚ ሂዱ። ካልሆነ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አውቃለሁ፣ ይህ መንገድ ያደክማል፣ ቀኑም ይረዝማል። ስልኩ ግን የእናንተን ቀን የሚያሳጥረው የሌላውን ሰው እንጀራ አደጋ ላይ ጥሎ ነው።

ሠራተኛውም በደል ሲደርስበት ይግባኝ የሚልበት የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለው። እዚያ ሲቆም ግን ብቻውን ነው። በሥርዓት ያስተናገዳችሁ ባለሙያ እምቢ በማለቱ ከቦታው እንደተነሣ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። በአስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ ስሙን ጠርታችሁ መልካም ሥራውን ጻፉ። ምስክር ከተፈለገም ቅረቡ።

እናንተ ደግሞ ሹመት ላይ የተቀመጠ ዘመድ ያላችሁ፣ ጎረቤት «አንድ ቦታ ደውልልኝ» ብሎ ሲመጣ የሚጎድለውን ሰነድ የት እንደሚያገኝ አሳዩት። ቁጥሩን ግን አትስጡት።