እርማት፦ የዌዴል አቆስጣ በክረምት አይሰደድም

“ሲል” (seal) በመባልም የሚታወቁት የባሕር አጥቢ እንስሳት፣ የአንታርክቲካ አቆስጣዎች፣ ክረምት ሲገባ ሁሉም ወደ ሞቃት ባሕር ይሰደዳሉ የሚል አስተያየት ተደጋግሞ አይቻለሁ፤ በአክብሮት ለማረም ያህል፣ ይህ ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ ስለሆነው ስለ ዌዴል አቆስጣ ትክክል አይደለም። ብዙዎቹ ከእኛ ክረምት ጋር በሚገጥመው በዚያ ጨለማ ወቅት ከባሕር ዳርቻ ጋር በተያያዘው በረዶ ሥር ቆይተው፣ መተንፈሻ ቀዳዳቸው እንዳይዘጋ ጠርዙን በጥርሳቸው እየፋቁ፣ አንዳንዴም እስከ 600 ሜትር ጠልቀው ዓሣ ያድናሉ። ጥርሳቸውም በዚሁ ሥራ ያልቃል። ስሕተቱ የመጣው በክረምት በበረዶው ላይ እምብዛም ስለማይታዩ ይመስለኛል፤ አየሩ ከውኃው እጅግ ስለሚቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ውስጥ ናቸው። አለመታየታቸው እንደ አለመኖር ከተቆጠረ ግን የክረምት ዓሣ ማስገር አይነካቸውም ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ያደርሳል። ማጣራት የሚፈልግ፣ ጸጉራቸው ላይ የሚለጠፉ መሣሪያዎች በሳተላይት የሚልኩትን የጉዞና የጥልቀት መረጃ ይመልከት።